የሀሽ ማፕ ቁልፎች እኩልነትና የተደጋገሙ መዝገቦች አለያየት

ሀሽ ማፕ ቁልፍን ከመረጃ ጋር አጣምሮ የሚይዝ የፕሮግራም ሠንጠረዥ ነው። ቁልፍ ሲሰጠው ሁለት ነገር ያደርጋል። በመጀመሪያ ከቁልፉ ሀሽ የሚባል ቁጥር አስልቶ የትኛው መደርደሪያ ላይ መፈለግ እንዳለበት ይለያል። ቀጥሎ በዚያ መደርደሪያ ያሉትን ቁልፎች ከተሰጠው ጋር እያስተያየ እኩሉ መኖር አለመኖሩን ያረጋግጣል። ከሁለቱ አንዱ ከተበላሸ ያው መዝገብ ሁለት ጊዜ ይገባል፤ ወይም የተለያዩ መዝገቦች አንዱ ሌላውን ያጠፋል።

ለምሳሌ በሰሜን አዲስ አበባ፣ በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ ያለውን ነዋሪ ለሚያክም ጤና ጣቢያ የካርድ ክፍል ማውጫ ይሠራ እንበል። አንዲት ታካሚ ዛሬ «ፀሐይ ኃይሉ»፣ በሌላ ቀን «ጸሃይ ሀይሉ» ተብላ ብትመዘገብ ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ናት። የሕክምና ታሪኳ በሁለት ካርድ ይከፈላል፤ አንዱን ብቻ የከፈተ ሐኪም በሌላው የተጻፈውን የመድኃኒት አለርጂ አያይም። ማውጫው እንዲህ ያለውን ድግግሞሽ እንዲይዝ የሚከተሉት ደረጃዎች በቅደም ተከተል ይሠራሉ።

1. «አንድ ነው» የሚያሰኘውን መወሰን

ኮድ ከመጻፉ በፊት ሁለት ዓይነት እኩልነት ይለያል። የመጀመሪያው እርግጠኛ እኩልነት ነው፤ የካርድ ቁጥር ወይም ባለ 12 አኃዙ የፋይዳ ቁጥር አንድ ከሆነ ሰውየው አንድ ነው። ሁለተኛው ተጠርጣሪ እኩልነት ነው፤ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ቢገጥሙም ሰዎቹ ሁለት ሊሆኑ ይችላሉ። በኢትዮጵያ የቤተሰብ ስም ስለሌለና ብዙ ስሞች ስለሚደጋገሙ የሦስት ስም መግጠም ለጥርጣሬ እንጂ ለፍርድ አይበቃም። ስለዚህ ሁለት ማፖች ይዘጋጃሉ፤ አንዱ በቁጥር፣ ሌላው በስም።

2. የቁልፉን ዓይነት አንድ ማድረግ

መለያ ቁጥሮች ስሌት ስለማይሠራባቸው ክፍተትና ሰረዛቸው ወጥቶ እንደ ጽሑፍ ይያዛሉ። በፓይተን ቁጥሩ 7 እና ጽሑፉ «7» እኩል አይደሉም። በጃቫም ኢንቲጀር 7 እና ሎንግ 7 የተለያዩ ቁልፎች ናቸው። «ወረዳ 1» እና «ወረዳ 01» ተብለው የሚገቡ ጽሑፎችም በአንድ አጻጻፍ መወሰን አለባቸው።

3. ስሙን ወደ ወጥ ቅርጽ መመለስ

የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ቅጽ 3.0 ነው። በዚያ ሠንጠረዥ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው፦ ሠ 4640፣ ሰ 4656። ድምፃቸው አንድ ቢሆንም ለማሽኑ ዝምድና የላቸውም፤ የዩኒኮድ መደበኛ ማስተካከያም አያገናኛቸውም። ሥራው በፕሮግራመሩ እጅ እንደሚከተለው ይከናወናል።

ሀ) ከስሙ ፊትና ኋላ ያለ ክፍተት ይወገዳል፤ ሁለት ነጥብ (፡) ወደ ተራ ክፍተት ይለወጣል።

ለ) ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ እስከ ሰባተኛው ድረስ በየእርባታቸው ይመለሳሉ። ከዚያ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ ይጠቃለላል። ጐ እና ጎ፣ ቍ እና ቁ የመሳሰሉት ጥንዶችም አንዳቸው ይመረጥላቸዋል።

ሐ) ከስሙ በፊት ራሳቸውን ችለው የቆሙ «አቶ»፣ «ወ/ሮ» እና «ወ/ት» ይወጣሉ።

መ) አኅጽሮት ይፈታል፦ «ገ/» ወደ «ገብረ»፣ «ሀ/» ወደ «ሀይለ»። ፊደሉ አስቀድሞ ስለተስተካከለ ለ«ኃ/» እና ለ«ሃ/» ሌላ መስመር አያስፈልግም። «ወ/» ግን ወልደም ወለተም፣ «ተ/» ተክለም ተስፋም ሊሆን ስለሚችል በግምት አይፈታም፤ መዝጋቢው ባለቤቱን ጠይቆ እንዲያሟላ ምልክት ይደረግበታል።

ሠ) በስሙ ውስጥ የቀረ ክፍተት ይዘጋል፤ «ገብረ ማርያም» እና «ገብረማርያም» አንድ ይሆናሉ። ሦስቱ ስሞች ግን ሳይቀላቀሉ በየራሳቸው መስክ ይቆያሉ፤ አለዚያ የአንዱ ስም መጨረሻ ከሌላው መጀመሪያ ጋር ተጣብቆ የተለያዩ ሰዎች አንድ ቁልፍ ሊይዙ ይችላሉ።

ወጥ ቅርጹ የሚያገለግለው ለቁልፍነት ብቻ ነው። በካርዱ ላይ የሚታተመው ባለቤቱ የጻፈው ስም ነው፤ ፊደሉ ሳይነካ በመረጃው ክፍል ይቀመጣል።

4. እኩልነትንና ሀሽን አብሮ መጻፍ

በጃቫና በፓይተን አዲስ ክላስ እኩልነቱ ካልተበየነለት ሁለት ኦብጀክቶች ይዘታቸው አንድ ቢሆንም እኩል አይባሉም። የስሙ ቁልፍ ክላስ ስለዚህ ሦስቱን ወጥ ስሞች የሚያስተያይ የእኩልነት ሜተድ፣ ከእነዚያው ሦስት መስኮች የሚሰላ የሀሽ ሜተድም ያስፈልገዋል። ሕጉ ጥብቅ ነው፤ እኩል የሆኑ ቁልፎች ሀሻቸው የግድ እኩል ይሆናል፣ ሀሻቸው እኩል የሆኑ ግን እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። በፓይተን እኩልነትን ብቻ በይኖ ሀሽን የተወ ክላስ ቁልፍ መሆን አይችልም፤ ፕሮግራሙ ስሕተቱን ይናገራል። ጃቫ ግን በዝምታ ያልፈዋል፤ ድግግሞሹም ሳይታይ ይገባል።

«የሁለት ፊደል ልዩነት ካለ እኩል ነው» የመሰለ ሕግ እዚህ ቦታ የለውም። የመጀመሪያው ስም ለሁለተኛው፣ ሁለተኛው ለሦስተኛው ቢቀርብም የመጀመሪያው ከሦስተኛው ሊርቅ ይችላል፤ እኩልነት ደግሞ ከአንዱ ወደ ሌላው መተላለፍ አለበት። የትውልድ ዘመንም በስሙ ቁልፍ ውስጥ አይገባም። ብዙ ሰው ዕድሜውን በግምት ይናገራል፤ የኢትዮጵያና የአውሮፓ አቆጣጠርም በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይለያያሉ።

5. ቁልፉ እንዳይለወጥ ማድረግ

ቁልፉ ማፕ ውስጥ ከገባ በኋላ መስኩ ቢለወጥ ሀሹም ይለወጣል፤ መዝገቡ በቀድሞው መደርደሪያ ላይ እያለ ፍለጋው ወደ ሌላ ይሄዳል። መስኮቹ ሲፈጠሩ ብቻ እንዲሞሉ ይደረጋል። ስም የሚታረም ከሆነ አሮጌው ቁልፍ ወጥቶ አዲስ ይገባል።

6. ከማስገባት በፊት መፈተሽ

በጃቫ ፑት የተባለው ትእዛዝ፣ በፓይተንም ተራው ምደባ፣ ቁልፉ ካለ የቀድሞውን መረጃ ይተካሉ። ስለዚህ በቁጥሩ ማፕ ቁልፉ መኖሩ አስቀድሞ ይጠየቃል፤ ካለ አዲስ ካርድ አይከፈትም፣ የነበረው ይቀርባል። በስሙ ማፕ ደግሞ ከእያንዳንዱ ቁልፍ ጋር የሚቀመጠው አንድ መዝገብ ሳይሆን የካርድ ቁጥሮች ዝርዝር ነው። አዲሱ ቁጥር ዝርዝሩ ላይ ይጨመራል፤ ከአንድ በላይ ካርድ የያዘ ዝርዝር ሁሉ ለማጣራት ይወጣል።

7. ፍርዱን ለሰው መተው

የወጡትን ጥንዶች መዝጋቢው ከትውልድ ዘመን፣ ከእናት ስም፣ ከወረዳና ከስልክ ጋር ያገናዝባል። ፕሮግራሙ በስም ብቻ ተነሥቶ ካርድ አያዋህድም። ሁለት ካርድ ያላት ታካሚ በጥያቄ ልትገኝ ትችላለች፤ የሁለት ሰው ታሪክ ከተቀላቀለ ግን መለየቱ እጅግ ይከብዳል፣ ጉዳቱም በሕይወት ላይ ነው። ውሕደት ሲፈቀድ ማን፣ መቼ እንደፈቀደው ይመዘገባል፤ ሁለቱም የቀድሞ ካርዶች መልሶ ለመለየት ሳይጠፉ ይቆያሉ።

8. መሞከር

ማውጫው ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ቢያንስ እነዚህ ይፈተሻሉ።

• «ፀሐይ» እና «ጸሃይ» አንድ ቁልፍ መስጠት አለባቸው።

• «ኃይለ ማርያም» እና «ሃ/ማርያም» አንድ ቁልፍ መስጠት አለባቸው።

• «ወ/ማርያም» እና «ወልደ ማርያም» በራሳቸው መዋሐድ የለባቸውም።

• በጃቫ «ሩት» እና «ረኔ» ሁለቱም ሀሻቸው 148844 ነው፤ ማፑ ግን ሁለቱንም ለየብቻ መያዝ አለበት። አንዱ ሌላውን ከተካ የእኩልነት ሜተዱ ስሞቹን ሳይሆን ሀሹን እያስተያየ ነው ማለት ነው።

• ወጥ ቅርጽ የያዘ ስም እንደገና በደረጃ 3 ቢያልፍ ሳይለወጥ መውጣት አለበት።

አዲስ የአጻጻፍ ልዩነት በተገኘ ቁጥር ጥንዱ ከእነዚህ ፈተናዎች ጋር ይጨመራል። የደረጃ 3 ሕግ ሲሻሻልም የስሙ ማፕ ከመነሻው መዝገብ እንደገና ይገነባል፤ በአሮጌው ሕግ የተሠሩ ቁልፎች በአዲሱ ሲፈለጉ አይገኙምና።