ከሞሰብ ወደ ደም

ማታ ከብት ሲገባ አንድ ልጅ በረቱ በር ላይ ይደናቀፋል። ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ የዋለ ልጅ ነው። ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ግን ግድግዳ እየዳበሰ ይገባል። አባቱ «ምን ያንቀዠቅዥሃል!» ብሎ ይቆጣዋል። ጎረቤት ደግሞ ዓይነ ጥላ ነው ይላል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ዶሮ ሲመሽ እንደማታይ ሁሉ ልጁም ሲመሽ አያይም። ይሄ በሽታ በቋንቋችን ዳፍንት ይባላል። ልጁን ያጣው አንድ ነገር ነው፤ እሱም ቫይታሚን ኤ ነው።

ቫይታሚን ማለት ሰውነታችን በጣም በጥቂቱ የሚፈልገው፣ ነገር ግን ያለ እሱ መኖር የማይችለው የምግብ ክፍል ነው። ቫይታሚን ኤ ዓይን በደብዛዛ ብርሃን እንዲያይ ያደርጋል፤ ሰውነትም በሽታን እንዲቋቋም ይረዳል። ጉድለቱ ሲጠና በዓይኑ ነጭ ላይ አረፋ የመሰለ ነጠብጣብ ይወጣል። በዚህ ላይ ኩፍኝ ከተደረበበት ልጁ ዓይኑን፣ አንዳንዴም ሕይወቱን ያጣል።

ታዲያ ይህ የአንድ ቤት ችግር ነው ወይስ የሕዝብ? የአንድ ሰው ደም እንደሚመረመር ሁሉ የሕዝብም ደም ይመረመራል። ከየአካባቢው ሰዎች ይመረጣሉ፤ ዓይናቸው ይታያል፣ ጥቂት ደም ይወሰዳል። ከዓመታት በኋላ ምርመራው ይደገማል። በአገራችን በ1973 ዓ.ም. ገደማ በተደረገው ጥናት ከ100 ሕፃናት በ1 ያህሉ ዓይን ላይ ያ ነጠብጣብ ታይቷል። እንደኛ እህል በሚበላበት አገር ታየ፤ እንሰት በሚበላበት በደቡብ ግን አልታየም። እኛ እንደሚመስለን ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። እዚያ ቆጮ ያለ ጎመን አይቀርብም።

በ1998 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ የሕፃናት ደም ሲመረመር ከ100ው 38 ያህሉ ቫይታሚን ኤ አንሷቸው ተገኙ። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ በተደረገው ጥናት ቁጥሩ ወደ 14 ወረደ። ሁለት ጥናቶችን ፀጉር በፀጉር ማስተያየት ባይገባም ለውጡ ትልቅ ነው። ምን መጣ? ከመጡት ነገሮች አንዱ እንክብሉ ነው። ከስድስት ወር ጀምሮ አምስት ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ሕፃናት በየስድስት ወሩ የቫይታሚን ኤ እንክብል ይሰጣቸዋል። ዓመት ላልሞላው 100 ሺህ፣ ከዚያ በላይ ለሆነው 200 ሺህ መለኪያ ነው። ጉበት ይህን ያስቀምጥና ቀስ እያለ ያወጣዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መቀስ ይዛ የእንክብሉን ጫፍ ቆርጣ በልጁ አፍ ጠብ ስታደርግ ያየን ሁሉ የምናውቀው ነው።

ነገር ግን ወደ ሞሰባችን እንመለስ። ቢቸና የጤፍ አገር ነው። እንጀራው አለ፣ ሽሮው አለ፣ የኑግ ዘይቱም አለ። ቫይታሚን ኤ ያለበት ቅቤ፣ ወተትና እንቁላልስ? ቅቤውና እንቁላሉ ቅዳሜ ገበያ ይወጣሉ። ጾምም አለ። ጥብቅ ጾመኛ በዓመት 250 ቀን ያህል ይጾማል። ሕፃን እንደማይጾም ቤተ ክርስቲያን ታውቃለች፤ ሆኖም ቤቱ ሲጾም ድስቱም ይጾማል፤ ለአንድ ሕፃን ብሎ ሌላ ድስት የሚጥድ ጥቂት ነው። የቀረው ጎመን፣ ዱባና ካሮት ነው። እነዚህ ለቫይታሚን ኤ መሥሪያ የሚሆን ነገር አላቸው፤ ጾምም አያግዳቸውም። ግን ይህ ነገር ያለ ቅባት ወደ ደም በደንብ አይገባም። ስለዚህ ለልጁ የምትቀርበዋ ጎመን ላይ ጥቂት የኑግ ዘይት ጠብ ይደረግ። «ጎመን በጤና» ስንል ድህነትን መሸሸጊያ አድርገነው ኖረናል። ለዓይን ግን ቃሉ እውነት ነው።

አሁን ደግሞ የተገላቢጦሹን እንይ፤ በዝቶ የሚጎዳውን። ኮሌስትሮል ሰም የመሰለ ቅባት ነው። ጉበታችን ራሱ ይሠራዋል፤ ከሥጋ፣ ከቅቤና ከእንቁላልም ይገባል። ከእህልና ከአትክልት ግን አይገባም። በደም ውስጥ ሲበዛ የደም ሥር ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ መንገዱ ይጠባል፤ ልብን ወይም አንጎልን ይመታል። በ2007 ዓ.ም. በመላው አገሪቱ በተደረገ ጥናት ኮሌስትሮሉ ከፍ ያለ ሆኖ የተገኘው ሰው ከ100 ወደ 5 ቢጠጋ ነው። ሽሮ በልቶ ገበያ በእግሩ የሚሄድ ሕዝብ ነውና ብዙ አያስደንቅም።

ታዲያ ይህ በዘር የተሰጠን ነው? አይደለም። ማስረጃው ከዓባይ ማዶ ከጎንደር የወጡት ቤተ እስራኤላውያን ናቸው። ከፊሎቹ በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ሄዱ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በሁለት ቀን ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። እዚያ ሲደርሱ ሐኪሞች መረመሯቸው፤ ኮሌስትሮላቸው ዝቅተኛ ነበር፣ ስኳር በሽታም ብርቅ ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ኮሌስትሮሉ ወጣ፣ ስኳርም በዛ። ዘራቸው ያው ነው። የተለወጠው ነጭ ዳቦው፣ ስኳሩ፣ ተቀምጦ መዋሉ ነው።

ቫይታሚን ዲ ደግሞ ብዙዎቹን አጠራቸው። ይህን ቫይታሚን ቆዳ ከፀሐይ ይሠራዋል። እስራኤል ፀሐይ የሞላባት አገር ናት፤ ግን ጥቁር ቆዳ ብዙ ፀሐይ ይፈልጋል፣ እነሱ ደግሞ ከማሳ ወደ ቤት ውስጥ ገቡ። እኛስ ብንሆን? እናቶቻችን ምችንና የሰው ዓይንን እየፈሩ ጨቅላውን ጠቅልለው በጨለማ ጓዳ ያኖሩታል። በጡት ወተት ያለው ቫይታሚን ዲ ጥቂት ነው። በዚህ ምክንያት ነው አጥንቱ ሳይጠና ቀርቶ እግሩ የሚጎብጠው። ለጋ የጠዋት ፀሐይ ላይ ጥቂት ገለጥ ቢያደርጉት ምንም አይመታውም።

በመጨረሻ ስለ ዘይት አንድ ነገር እንበል። በከተማው ሱቅ ከኑግ ዘይት ጎን «የሚረጋው» የምንለው የፓልም ዘይት ገብቷል። በቢቸና ብርድ ጠዋት ጠዋት ይጋገራል። የሚረጋው ግማሽ ያህሉ ኮሌስትሮልን የሚያወጣ ዓይነት ቅባት ስለሆነ ነው፤ ኑግ ግን ያን ዓይነቱ ጥቂት ስለሆነ አይረጋም። ሰው የሚገዛው ዋጋው ስለሚቀንስለት ነውና አንፈርድበትም። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በፋብሪካ የምግብ ዘይት ውስጥ ቫይታሚን ኤ እና ቫይታሚን ዲ እንዲጨመር የሚያስገድድ ደረጃ ጸድቋል። ከመንደር መጭመቂያ የሚወጣው ኑግ ግን ምንም አይጨመርበትም፤ ስለዚህ በኑግ የሚያድር ቤት ቫይታሚን ኤውን የሚያገኘው ከጓሮው ጎመንና ልጁ በየስድስት ወሩ ከሚወስደው እንክብል ነው።