የልደትን ዘመን በእውነት ስለ መጻፍ
በዓለም የወጣቶች እግር ኳስ ውድድር ምክንያት የተዘጋጀ ትምህርት

የእግር ኳስ ጨዋታ ጕልበትና ብልኀት የሚፈተኑበት ነው። ልጅ ከጐልማሳ ጋራ ቢጋጠም ግን ፈተናው ትክክል አይሆንም፤ ጐልማሳው የሚያሸንፈው በዕድሜው እንጂ በችሎታው አይደለምና። ስለዚህ ፊፋ የተባለው የዓለም እግር ኳስ ማኅበር ለወጣቶች ብቻ የተለየ የአገሮች ውድድር አቆመ። በዚህ ትምህርት ውስጥ የውድድሮቹ ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ተጽፏል።

የመጀመሪያው ውድድር ከ20 ዓመት በታች ለሆኑ ወጣቶች በ1977 ዓ.ም. በቱኒዝያ ተደረገ። 16 አገሮች ተካፈሉበት፤ በመጨረሻውም ግጥሚያ ሶቭየት ኅብረትና ሜክሲኮ 2 ለ 2 እኩል ሆነው በፍጹም ቅጣት ምት ሶቭየት ኅብረት 9 ለ 8 አሸነፈ። በ1985 ዓ.ም. ከ16 ዓመት በታች ለሆኑት ታናናሾች ሌላ ውድድር በቻይና ተጀመረ፤ ዋንጫውንም ናይጄሪያ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 0 ረትታ ወሰደች። ይህም የዕድሜ ወሰን ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ 17 ከፍ አለ። የኢትዮጵያ ወጣቶችም በ2001 ዓ.ም. በአርጀንቲና በተደረገው ከ20 ዓመት በታች ውድድር ተሰልፈው ነበር።

የዕድሜን ወሰን በሐሰት የሚያልፍ ሰው በሁለት ወገን ይበድላል። አንደኛ፥ ቦታው የሚገባውን እውነተኛውን ልጅ ያስቀራል፤ ሁለተኛ፥ አገሩን ያሳፍራል። ለ1989 ዓ.ም. ውድድር በተደረገው ማጣሪያ ሜክሲኮ ዕድሜያቸው ከወሰኑ ያለፈ 4 ተጫዋቾች አሰልፋ ተገኘች። ፊፋም በ1988 ዓ.ም. አገሪቱን ከዓለም አቀፍ ውድድር ሁሉ ለ2 ዓመት አገዳት። በዚህ ምክንያት በነገሩ እጃቸው የሌለበት ሌሎች ተጫዋቾች ከ1988ቱ የሴኡል ኦሊምፒክና ከ1990ው የኢጣልያ የዓለም ዋንጫ ቀሩ። ናይጄሪያም የተጫዋቾቿ የልደት ቀን ቀድሞ ከተሰጠው ጋራ ስላልተስማማ ከወጣቶች ውድድር 2 ዓመት ታገደች፤ በአገሯ ሊደረግ የነበረው የ1991 ዓ.ም. ውድድርም ወደ ፖርቱጋል ተዛወረ።

ከዚህ በኋላ ሊቃውንት ዕድሜን ከአጥንት ለመመርመር ደከሙ። በክንድ አጥንት ጫፍ፥ በእጅ አንጓ አጠገብ፥ አጥንቱ የሚያድግበት ገር ሥፍራ አለ፤ ልጁ አድጎ ሲጨርስ ይህ ሥፍራ ጠንክሮ ይገጥማል። ኤም አር አይ የሚባለው መሣሪያ በማግኔት ኃይል ይህን ያሳያል። ፊፋም በ2009 ዓ.ም. በናይጄሪያ በተደረገው ከ17 ዓመት በታች ውድድር በዚህ ምርመራ መጠቀም ጀመረ። ዳሩ ግን አጥንት የልደትን ቀን አይናገርም፤ የልጆችም አስተዳደግ አንድ አይደለም። ከ17 ዓመት በላይ ላሉትም ብዙ አይረዳም፤ የብዙዎቹ አጥንት ቀድሞ ገጥሟልና። ስለዚህ በልጅነት በትክክል የተጻፈ መዝገብን የሚተካ ነገር የለም።

በኢትዮጵያ ደግሞ ያለ ተንኰል የሚመጣ ስሕተት አለ፤ ይኸውም ከዘመን አቈጣጠር ልዩነት የተነሣ ነው። ከመስከረም 1 ቀን እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን ድረስ በኢትዮጵያ ዘመን ላይ 7፥ ከታኅሣሥ 23 ቀን እስከ ዓመቱ ፍጻሜ ድረስ 8 ይጨመራል። በዘመነ ዮሐንስ ግን ያለፈው ዓመት ጳጉሜን 6 ቀን ስለ ሆነች የአውሮፓውያን አዲስ ዓመት በታኅሣሥ 22 ቀን ይውላል።

ለምሳሌ ኅዳር 10 ቀን 2000 ዓመተ ምሕረት የተወለደ ልጅ በአውሮፓውያን ኖቬምበር 20 ቀን 2007 ተወለደ ማለት ነው። ጥር 10 ቀን 2000 የተወለደው ግን ጃንዋሪ 19 ቀን 2008 ይሆንለታል። በ2025 ዓ.ም. በቀጠር 48 አገሮች በተካፈሉበት ከ17 ዓመት በታች ውድድር የተፈቀደላቸው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2008 ወዲህ የተወለዱት ነበሩ። ጸሓፊው ለሁለቱም 8 ቢጨምር የኅዳሩ ልጅ ያለ አግባብ በገባ፤ ለሁለቱም 7 ቢጨምር የጥሩ ልጅ ያለ በደሉ በቀረ ነበር።

እንግዲህ መምህሩ ልጅን ሲመዘግብ ቀኑን፥ ወሩንና ዓመቱን አስቀድሞ በአገሩ አቈጣጠር ይጻፍ፤ የተለወጠውንም ከአጠገቡ ለብቻው ያኑር። ወላጆች ዓመቱን ባያውቁ የአገር ሽማግሌዎችን ይጠይቅ። ሽማግሌው «በዘመነ ዮሐንስ፥ በጥምቀት ሰሞን» ቢል፥ ይህ ዘመን በየ4 ዓመቱ ይመለሳልና 1996፥ 2000 ወይም 2004 ሊሆን ይችላል፤ የልጁ ቁመናና የታላቁና የታናሹ ልደት እውነተኛውን ይለያል። ያልታወቀውን ደግሞ «አልታወቀም» ብሎ መጻፍ የሚያስመሰግን ነው። ለልጅ ያዘነ መስሎ ሁለት ዓመት የሚቀንስለት ሰው ግን ሸክም ያሸክመዋል፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራልና።

ጥያቄ
1ኛ፤ ለወጣቶች የተለየ ውድድር ማቆም ለምን አስፈለገ?
2ኛ፤ በሜክሲኮ ላይ የደረሰው ቅጣት እነማንን ጎዳ?
3ኛ፤ የአጥንት ምርመራ መዝገብን የማይተካው ስለ ምንድን ነው?
4ኛ፤ ታኅሣሥ 25 ቀን 1999 ዓመተ ምሕረት የተወለደ ልጅ በአውሮፓውያን በስንት ዓመት ተወለደ ይባላል?