መጥኖ መመገብ፤ ለስኳር ሕሙማንና ለቤተ ሰቦቻቸው



ሕይወትና ጤንነት ከእግዚአብሔር የተሰጡን ክቡር አደራዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2288 እና 2290 ይህን አደራ በአግባቡ መጠበቅ፥ በመብልና በመጠጥም ልክን ማወቅ እንደሚገባ ያስተምራል። በዚህ ዕትም ይህንኑ ትምህርት ከሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ጋር አያይዘን እንመለከታለን።

1. የበሽታው ጠባይ

የምንበላው እንጀራ፥ ዳቦና ቆሎ በሆድ ውስጥ ተፈጭቶ ወደ ስኳርነት ይለወጣል። ስኳሩ ከደም ወደ ሰውነት ሕዋሳት እንዲገባ የሚያደርገው ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ነው። በዚህ በሽታ ኢንሱሊኑ በሚገባ አይሠራም፤ እያደርም መጠኑ ይቀንሳል። ለዚህ አንዱ ዐቢይ ምክንያት በጉበትና በቆሽት ውስጥ የሚጠራቀም ትርፍ ስብ ነው። በባዶ ሆድ የተለካው የደም ስኳር በተደጋጋሚ 126 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በሽታው እንዳለ ይታወቃል። ቸል ቢሉት ዓይንን፥ ኩላሊትን፥ ልብንና የእግርን ነርቭ ይጎዳል።

2. ክብደት የመቀነስ ጥቅም

በብሪታንያ በ306 ሕሙማን ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነ ጥናት አለ። በሐኪም ክትትል ምግባቸውን በእጅጉ ከቀነሱት መካከል ከመቶ 46ቱ ከአንድ ዓመት በኋላ ያለ ስኳር መድኃኒት የደም ስኳራቸው ከበሽታው ልክ በታች ሆኖ ተገኝቷል። 15 ኪሎና ከዚያ በላይ ከቀነሱት ደግሞ ከመቶ 86ቱ እዚህ ደረጃ ደርሰዋል። ሆኖም በሁለተኛው ዓመት 46 የነበረው ቍጥር ወደ 36 ዝቅ ብሏል፤ ክብደቱ ሲመለስ በሽታውም ይመለሳልና። ይህን ያህል መቀነስ ያልቻለም ተስፋ አይቍረጥ። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከ4 እስከ 8 ኪሎ ብቻ ቢቀንስ እንኳ የደም ስኳሩና የደም ግፊቱ ይሻሻላል።

3. ለቀጭኖች ማስጠንቀቂያ

የስኳር ሕመምተኛ ሁሉ ወፍራም አይደለም። በጎንደር ገጠር የተደረጉ ጥናቶች እንዳመለከቱት፥ ከድኻ ቤተ ሰብ የወጡና ሰውነታቸው የመነመነ፥ ኢንሱሊን የግድ የሚያስፈልጋቸው ብዙ ሕሙማን አሉ። ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘው የስኳር በሽታም እ.ኤ.አ. በ2025 በዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን አምስተኛው ዓይነት ተብሎ ታውቋል። ስለዚህ ቀጭኑን ሕመምተኛ «ምግብ ቀንስ» ማለት ሊጎዳው ይችላል፤ አስቀድሞ ሐኪም ይየው።

4. የራያ ቆላ ማዕድ

ከሮቢት እስከ ቆቦ ባለው ቆላ ማሽላ የማዕዱ መሠረት ነው። ማሽላ ስለ ሆነ ስኳር አይጨምርም ማለት ግን ስሕተት ነው፤ የማሽላም ሆነ የጤፍ እንጀራ በመጠን ሊበላ ይገባል። ጥንቅሽ፥ ማርና ስኳር የበዛበት ሻይም እንደዚሁ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋሉ። ጠላም የእህል ውጤት መሆኑ አይረሳ።

ከአንድ ገበታ አብሮ መብላት መልካም ባህላችን ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ምን ያህል እንደ በላ አያሳይም። ሕመምተኛው ድርሻው አስቀድሞ በሳሕን ቢለይለት ልኩን ያውቃል። ከሳሕኑ ግማሹን ጎመን፥ ቲማቲምና ሌላ አትክልት፥ ሩቡን ምስር፥ ሽምብራ ወይም ሥጋ፥ የቀረውን ሩብ እንጀራ ይያዘው። በቆቦ ጊራና ሸለቆ በመስኖ የሚመረተው ሽንኩርትና ቲማቲም ለዚህ ይረዳል። ዘይትና ቅቤም ይቀነሱ። በእርሻ ፈንታ በሱቅ ተቀምጦ የሚውል ሰው ደግሞ ፀሐይ ሳይበረታ በየማለዳው ግማሽ ሰዓት ይራመድ።

5. ስለ ጾም

የጾም ምግባችን በጥራጥሬና በአትክልት የተሞላ ስለ ሆነ ለሕመምተኛው ይስማማል። አደጋው ያለው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ በመቆየት ላይ ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚውጥ ሰው ሳይበላ ቢውል ስኳሩ እጅግ ዝቅ ብሎ ያልበዋል፥ ይንቀጠቀጣል፥ ግራ ይጋባል፤ ራሱን ስቶም ሊወድቅ ይችላል። ገና ካልሳተ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ፈጥኖ ይጠጣ፤ ራሱን ለሳተ ግን ምንም በአፉ ሳይሰጡ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ይገባል። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በጾም ሕግ አታስገድድም፤ ይህን ማድረጉም ኀጢአት አይደለም። ከጾሙ በፊት ሐኪሙንም የነፍስ አባቱንም ያማክር። ምግቡን የሚቀንስ ሁሉ መድኃኒቱም አብሮ መስተካከል እንዳለበት ይወቅ፤ በራሱ ፈቃድ ግን አያቋርጥ።

6. የእኛ ድርሻ

በአገራችን መወፈር የድሎት፥ መክሳት የችግር ምልክት ተደርጎ ይታያል። ስለዚህም የከሳውን ሕመምተኛ «ምን ነካህ?» እያልን እናሳፍረዋለን፤ በክርስትናና በሠርግ ቤትም «በሞቴ» እያልን በጉርሻ እናስጨንቀዋለን። ይህ ከፍቅር ቢሆንም ወንድማችንን ይጎዳዋል። ዳንኤልና ጓደኞቹ ከንጉሥ ማዕድ ይልቅ ጥራጥሬንና ውኃን ሲመርጡ እርስ በርሳቸው ተደጋግፈዋል፤ ሕመምተኛውም እንዲህ ያለ ጓደኛ ያሻዋል። እውነተኛ መስተንግዶ የእንግዳውን ጤና ይጠብቃል።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. በቤታችን የስኳር ሕመምተኛ ቢኖር በማዕዳችን ላይ ምን እንለውጣለን?
ለ. ሳናስቀይም፥ ሳናስገድድም እንግዳ የምንቀበለው እንዴት ነው?
ሐ. በጾም ወራት ብቻቸውን የሚኖሩ ሕሙማንን ማን ይጎበኛቸዋል?

የሕሙማን ፈዋሽ የሆነው ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ለሁላችን ልክን የማወቅ ጸጋ ይስጠን፤ አሜን።