ለፖስትግሬስ የመረጃ ቋት ተጨማሪ መሣሪያዎችን መፈለግና መፈተን፦ የደቡብ ኦሞ የቦታ ስሞች እንደ ማሳያ

መግቢያ

«ሐመር» እና «ሀመር»፣ «ፀማይ» እና «ጸማይ» ለአማርኛ አንባቢ አንድ ናቸው፤ ለመረጃ ቋት ግን የተለያዩ ስሞች ናቸው። የአንድ ወረዳ የክትባት መዝገብ በሁለት አጻጻፍ ከገባ ድምሩ ለሁለት ይከፈላል፤ ወረዳውም ከእውነተኛው ያነሰ ፍላጎት ያለው መስሎ ይታያል። የጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ2 የሚሠራበት ክፍት ምንጭ ቋት፣ ፖስትግሬስ፣ ኤክስቴንሽን ወይም ቅጥያ የሚባሉ ተጨማሪ መሣሪያዎችን ይቀበላል። ይህ ጽሑፍ ቅጥያዎቹ የት እንደሚገኙና ለኢትዮጵያ ፊደል መረጃ እንዴት እንደሚፈተኑ ያሳያል።

የፍለጋው ቅደም ተከተል

ፍለጋው ከቅርብ ወደ ሩቅ ቢሄድ ይመረጣል። በመጀመሪያ የቋቱ የራሱ ዝርዝር በአገልጋዩ ላይ ለመጫን ዝግጁ የሆኑትን ቅጥያዎች ያሳያል። ቀጥሎ ኮንትሪብ የሚባሉት፣ ከፖስትግሬስ ጋር አብረው የሚታደሉ ቅጥያዎች ይታያሉ። በመጨረሻም ነጻ አዘጋጆች ሥራቸውን የሚያስቀምጡበት ፒጂኤክስኤን የተባለው ማውጫ አለ፤ የተከፈተውም እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በዚያው ዓመት የወጣው ሥሪት 9.1 ቅጥያን በአንድ ትእዛዝ መጫን አስችሏል።

በማውጫ መገኘት ግን ብቃትን አያረጋግጥም። ቋቱ በየዓመቱ ዐቢይ ሥሪት የሚያወጣ ሲሆን እያንዳንዱ ሥሪት ለ5 ዓመታት ይደገፋል። ስለዚህ ቅጥያው መጨረሻ የታደሰበት ጊዜ፣ የሚስማማው ሥሪትና የአጠቃቀም ፈቃዱ አስቀድመው ሊመረመሩ ይገባል።

የስም ሙከራ

ለስም ማዛመድ ቀድመው የሚገኙት ሁለት የኮንትሪብ ቅጥያዎች ናቸው። ፈዚስትርማች ውስጥ ያሉት ሳውንዴክስና ሜታፎን በላቲን ፊደል ድምፅ ላይ የተመሠረቱ ናቸው፤ በዩቲኤፍ-8 ለተጻፈ ጽሑፍ በሚገባ እንደማይሠሩ የቋቱ ሰነድ ራሱ ያስጠነቅቃል። በምትካቸው የሚመከረው ሌቨንሽታይን የተለወጡ ፊደላትን ይቆጥራል። በእርሱ ስሌት የ«ሐመር» እና የ«ሀመር» ልዩነት 1 ነው። ይሁንና የ«ማሌ» እና የ«አሌ» ልዩነትም 1 ነው፤ እነዚህ ግን የሁለት ጎረቤት ሕዝቦች ስሞች ናቸው።

ሁለተኛው ፒጂ-ትሪግራም ስምን በሦስት በሦስት ቁምፊ ከፍሎ ያነጻጽራል። ከ«ሐመር» እና ከ«ሀመር» በድምሩ 7 የተለያዩ ክፍሎች ይወጣሉ፤ የጋራው 1 ብቻ ነው። ውጤቱ 0.14 ያህል ስለሚሆን ከተለመደው የ0.3 ወሰን በታች ይወድቃል፤ መሣሪያውም አንዱን ቦታ ሁለት ያደርገዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በኢትዮጵያ ፊደል አንድ ቁምፊ ተነባቢንና አናባቢን አጣምሮ ስለሚይዝ ስሞች አጭር ይሆናሉ፣ የአንድ ፊደል ለውጥም ክብደቱ ይበዛል።

መፍትሔው አዲስ ቅጥያ አይጠይቅም። ትራንስሌት በተባለው የቋቱ መደበኛ ተግባር ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ በሰባቱም ቤት መመለስ ይቻላል። ያን ጊዜ «ሐመር» እና «ሀመር» ይገጥማሉ፤ «ማሌ» እና «አሌ» ተለይተው ይቀራሉ። የመጀመሪያው አጻጻፍ ግን ሳይነካ በራሱ ዐምድ ሊቀመጥ ይገባል።

የቦታ መለኪያ

በአንጻሩ ከቋቱ ውጭ የተሠራ ቅጥያ የግድ የሚያስፈልግበት ሁኔታ አለ። ደቡብ ኦሞ የ36 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስን ስለሚሻገር በዩቲኤም ቀጠና 36 እና 37 ይከፈላል። በኦሞ ወንዝ ምዕራብና በጂንካ ዙሪያ በየቀጠናቸው የተለኩ ነጥቦች እንዲሁ ቢደባለቁ ርቀታቸው ይዛባል። ሪፍራክሽንስ ሪሰርች የተባለው የካናዳ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው ፖስትጂአይኤስ ሁለቱንም ቀጠናዎች፣ በኢትዮጵያ ካርታዎች የሚሠራበትን የአዲንዳን መነሻ ጨምሮ፣ ለይቶ ያውቃል፤ ከአንዱ ወደ ሌላውም ይለውጣል።

ማጠቃለያ

ፍለጋው ከማውጫው ሳይሆን ከመረጃው ሊነሣ ይገባል። ተመራማሪው ቅጥያ ከመጫኑ በፊት አንድ መሆን ያለባቸውንና መለየት ያለባቸውን ጥቂት የስም ጥንዶች ቢጽፍ፣ እያንዳንዱን መሣሪያ በእነዚያው ሊፈትን ይችላል። «ሐመር»ን ከ«ሀመር» የማያገናኝ፣ ወይም «ማሌ»ን ከ«አሌ» የሚያደባልቅ መሣሪያ ምንም ያህል ቢታወቅ ለዚህ መዝገብ አይሆንም።