«እርጅና ነው» ብለን የምናልፋቸው የመርሳት በሽታ ምልክቶች

ወላጆቻችን ዕድሜያቸው ሲገፋ አንዳንድ ነገር መርሳታቸው የሚጠበቅ ነው። የሰው ስም ጠፍቶባቸው ቆይቶ ቢመጣላቸው ወይም መነጽራቸውን የት እንዳስቀመጡ ረስተው ፈልገው ቢያገኙት ሊያስደነግጠን አይገባም። መርሳቱ የዕለት ኑሯቸውን ማሰናከል ሲጀምር ግን «ጃጅተዋል» ብሎ ማለፍ ተገቢ አይደለም። በሕክምና ዲሜንሺያ የሚባለው የመርሳት ችግር ከአንጎል ሕመም የሚመጣ እንጂ ያረጀ ሁሉ የሚደርስበት ዕጣ አይደለም። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መረጃ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ዙሪያ 57 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይህ ችግር ነበረባቸው። ዋነኛው መንስኤ አልዛይመር የተባለው በሽታ ነው።

ምን እናስተውል?

ውድ አንባቢ፣ ወላጅዎን ከሌላ አዛውንት ጋር ሳይሆን ከራሳቸው የቀድሞ ልማድ ጋር ያነጻጽሩ።

1. የቅርቡን መርሳት፦ የዛሬ 40 ዓመት የሆነውን አሳምረው እየተረኩ፣ አሁን የጠየቁትን ጥያቄ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደጋግመው ይጠይቃሉ።

2. የለመዱት ሥራ መጥፋት፦ ዕድሜ ልካቸውን ያፈሉት ቡና ቅደም ተከተሉ ይምታታባቸዋል፤ ወጡን ሁለት ጊዜ ጨው ይጨምሩበታል፤ ምድጃ ሳያጠፉ ይወጣሉ።

3. ጊዜና ቦታ መምታታት፦ ከመስጊድ ወደ ቤት የሚመልሳቸው መንገድ ይጠፋባቸዋል። በሰላት መሐል የረከዓ ቁጥር መጠራጠር ማንንም ያጋጥማል፤ ዐስርን ሰግደው ገና እንዳልሰገዱ እያሰቡ በየቀኑ መነሳት ግን ሊስተዋል ይገባል።

4. የገንዘብ ሒሳብ፦ መልስ መቁጠር ይከብዳቸዋል፤ የከፈሉትን ዕቁብ እንደገና ይከፍላሉ።

5. የጠባይ ለውጥ፦ ተጫዋች የነበሩት ዝምተኛ ይሆናሉ። ራሳቸው የደበቁትን ወርቅ ሠራተኛዋ ወይም ምራታቸው እንደሰረቀቻቸው ይናገራሉ። ይህ ክፋት ሳይሆን የሕመሙ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ሰው ከመወንጀልዎ በፊት ያስቡበት።

ሁሉም መርሳት አንድ አይደለም

የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ ሥራ መቀነስ፣ ድብርት፣ የመስማት ችግርና አንዳንድ የእንቅልፍ መድኃኒቶች የመርሳት በሽታ የሚመስል ሁኔታ ያስከትላሉ። እነዚህ ሊታከሙ ወይም ሊስተካከሉ የሚችሉ ናቸው። ቢ12 በሥጋ፣ በጉበት፣ በእንቁላልና በወተት ውስጥ ይገኛል። ለስኳር በሽታ ሜትፎርሚንን ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ ሰዎች እጥረቱ ሊያጋጥማቸው ስለሚችል ሐኪማቸውን ቢጠይቁ መልካም ነው። ማርና ጥቁር አዝሙድ ከማዕድ ባይጠፉም ምርመራን አይተኩም።

ግራ መጋባቱ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ድንገት ከመጣ፣ ወይም ወድቀው ጭንቅላታቸውን ከተመቱ በኋላ ከሆነ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ቤት ይውሰዷቸው። ኢንፌክሽን፣ የሰውነት ፈሳሽ ማነስ፣ የስኳር መውረድ፣ ስትሮክ ወይም በጭንቅላት ውስጥ መድማት ሊሆን ይችላል።

ምን እናድርግ?

ያስተዋሉትን ለጥቂት ሳምንታት በደብተር ይመዝግቡ፤ ምን ሆነ? መቼ? ስንት ጊዜ? ወደ ሐኪም ሲሄዱም የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዘው ይሂዱ። በልጅ ልጆቻቸው ፊት «ረስተዋል እኮ!» ብሎ ማረም ያሳፍራቸዋል። «እማዬ፣ ግፊትዎን ከተለኩ ቆይተዋልና አብረን እንሂድ» ማለት ይቀላል። ደግሞም ከፍተኛ የደም ግፊት፣ ስኳርና ሲጋራ ለመርሳት በሽታ የሚያጋልጡ ስለሆኑ ግፊቱን መለካቱ በራሱ ጥቅም አለው።

አልዛይመርን የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። ቢሆንም ቀድሞ ማወቅ ትልቅ ዋጋ አለው። ወላጅዎ አእምሯቸው ገና ሳይደክም ያለባቸውን ዕዳ፣ የተቀበሉትን አማናና ስለ ንብረታቸው ያላቸውን ፈቃድ በገዛ አንደበታቸው ሊናገሩ ይችላሉ። ዘግይተን ከነቃን ግን ያንን የሚነግረን አይኖርም።