የፀሐይን ብርሃን ከደጅ የማይመልስ ሰሌዳ

በቤት ጣራ ላይ የሚታየው የሶላር ሰሌዳ መልኩ ሰማያዊ ወይም ጥቁር የሆነው ስለ ምን እንደ ሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁን? መልኩ ለጌጥ የተቀባ ቀለም አይደለም፤ ብርሃን እንዳይባክን ከተደረገ ጥበብ የተገኘ ነው። ይህንንም ጥበብ በአጭሩ ለመግለጽ እንሞክራለን።

አብዛኛው የሶላር ሰሌዳ የሚሠራው ሲሊኮን ከሚባለው ንጥረ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ዳሪል ቻፒን፥ ካልቪን ፉለርና ጄራልድ ፒርሰን ያቀረቡት የሲሊኮን ሴል ካረፈበት የብርሃን ኃይል ከመቶ 6 ያህሉን ወደ ኤሌክትሪክ ለወጠ። ከዚያ ወዲህ ብዙ መሻሻል ተደርጓል።

ነገር ግን ሲሊኮን አንድ ትልቅ ጉድለት አለው። ይኸውም ገጹ ሲለሰልስ እንደ መስተዋት ስለሚያብለጨልጭ ካረፈበት ብርሃን ከመቶ 30 የሚበልጠውን ወደ መጣበት ይመልሰዋል። ወደ ውስጥ ያልገባ ብርሃን ደግሞ ኤሌክትሪክ ሊሆን ከቶ አይችልም። ሰብል ወደ ጎተራ ሳይገባ በአውድማ ላይ እንደ ቀረ ያህል ነው። ለዚህ ጉድለት ሁለት መድኃኒቶች ተገኝተዋል።

አንደኛው ገጹን ማሻከር ነው። ስስ ሆኖ የተቆረጠው ነጠላ የሲሊኮን ክሪስታል እንደ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ያለ አልካሊ በተበጠበጠበት ሙቅ ውሃ ውስጥ ይነከራል። የክሪስታሉ አተሞች በሥርዓት የተደረደሩ ስለ ሆኑ ፈሳሹ በአንዱ አቅጣጫ ፈጥኖ፥ በሌላው ቀስ ብሎ ይበላዋል። በዚህም ምክንያት በዓይን የማይለዩ ጥቃቅን ፒራሚዶች ገጹን ይሸፍኑታል። ከአንዱ ፒራሚድ ጎን የተመለሰ ብርሃን በጎረቤቱ ላይ ስለሚያርፍ ለመግባት ሁለተኛ ዕድል ያገኛል። በእያንዳንዱ ምት ከመቶ 30 ይመለሳል ብንል፥ ከሁለት ምት በኋላ የሚጠፋው 0.30 × 0.30 = 0.09፥ ማለት ከመቶ 9 ብቻ ነው።

ሁለተኛው ስስ ሽፋን ማልበስ ነው። ለዚህ የሚያገለግለው በብዛት ሲሊኮን ናይትራይድ ሲሆን፥ ውፍረቱ 75 ናኖሜትር ያህል ነው። አንድ ናኖሜትር የአንድ ሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ክፍል ነው። በአየር ውስጥ የሞገዱ ርዝመት 600 ናኖሜትር የሆነ ብርሃን በዚህ ሽፋን ውስጥ ሲያልፍ ርዝመቱ ወደ 300 ያጥራል። ከሽፋኑ ሥር የሚመለሰው ብርሃን ሲገባና ሲወጣ 150 ናኖሜትር፥ ማለት ግማሽ ሞገድ ስለሚጓዝ ከላይኛው ገጽ ከተመለሰው ጋር የአንዱ ጫፍ ከሌላው ጎድጓዳ ይገጥማል። ስለዚህ ተመላሾቹ እርስ በርሳቸው ይጣፋሉ፤ ኃይሉም አይጠፋም፥ ወደ ሲሊኮኑ ይገባል። በዝናብ ቀን በመንገድ ላይ የፈሰሰ ናፍጣ ልዩ ልዩ ቀለም የሚያሳየው በዚሁ ሕግ ነው። ሞገዱ አጭር የሆነው ሰማያዊ ብርሃን ግን በሙሉ ስለማይጣፋ ሴሉን ሰማያዊ ያስመስለዋል። ሻካራው ገጽና ሽፋኑ ሲተባበሩ ተመላሹ ብርሃን ከመቶ 5 በታች ስለሚወርድ ሴሉ ወደ ጥቁርነት ያደላል።

በገጠር ቤታቸውን ለማብራትና ስልካቸውን ለመሙላት በሶላር የሚጠቀሙ ወገኖቻችን ብዙዎች ናቸው። ሰሌዳው አቧራ ከለበሰ ግን ብርሃኑ ገና ከሴሉ ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህ በማለዳ፥ ሰሌዳው ሳይግል፥ በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ይገባል። እንደ ድስት በአመድ ወይም በአሸዋ መፈግፈግ ግን መስተዋቱን ስለሚጭረው ፈጽሞ አይገባም። ይህንን ለቤተ ሰቦቻችን ብናስረዳ የተማርነው ትምህርት ፍሬ አፈራ ማለት ነው።