እጅ ከመጫን በፊት
(የካህን ትምህርት በእኛና በካቶሊካውያን ዘንድ)



ቅዳሴ ለማድረስ ቢያንስ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። እነዚህ አምስት ሰዎች ከየት እንደሚገኙ ግን ብዙ ጊዜ አናስብም። ካህን እንዲገኝ አንዱ ያስተምረዋል፣ ሌላው ያበላዋል፣ በመጨረሻም ጳጳስ እጁን ይጭንበታል። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል መቅደሱ ይጎድላል። ስለዚህ ለዛሬ ካህን እንዴት እንደሚማር፣ ካቶሊካውያን ወንድሞቻችንም በዚህ ረገድ ምን እንደሚያደርጉ እንመልከት። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሀ. አንድ እንግዳ ያየው

ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ተዘዋውሮ አይቶ በመጽሐፉ ገልጾአል። ይኸው ሰው ሌላም ነገር ጽፎልናል። አቡነ ማርቆስ በአንድ ቀን ከ2000 በላይ ሰዎችን ቅስና ሲሾሙ ተገኝቶ ነበር። ፈተናው ከመጽሐፍ ጥቂት ቃላት ማንበብ ብቻ መሆኑን፣ ሕፃናትም ዲቁና መቀበላቸውን አይቶ ነቅፎአል።

ነቀፋው እውነት አለበት። ሐዋርያው ጳውሎስም ጢሞቴዎስን በማንም ላይ እጁን ለመጫን እንዳይቸኩል መክሮታል (1ኛ ጢሞ. 5፥22)። ሆኖም ሁለት ነገር እንመዝን። አንደኛ፣ በዚያ ዘመን ለመላው አገር የነበረው ጳጳስ ከግብፅ የሚመጣ አንድ አቡን ነበር፤ እርሱ ሲያርፍ ተተኪው እስኪመጣ ብዙ ዓመት ሊያልፍ ይችላል። ሕዝቡ የቸኮለው ካህን አጥቶ እንዳይቀር ፈርቶ ነው። ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት የተሾሙልን በ1929 ነው። ሁለተኛ፣ ያን ጊዜ የአልቫሬዝ የራሱ ቤተ ክርስቲያንም በየሀገረ ስብከቱ የተደራጀ የካህናት ትምህርት ቤት አልነበራትም። ሕመሙ የጋራ ነበር።

ለ. የችግኝ መደብ

ካቶሊካውያን ለዚህ ሕመም መድኃኒት የፈለጉት በትሬንት ጉባኤ ነው። በ1563 ጉባኤው እያንዳንዱ ሀገረ ስብከት ለክህነት የሚታጩ ልጆች የሚያድጉበትና የሚማሩበት ቤት እንዲያቋቁም ወሰነ። ስሙ «ሴሚናሪ» ተባለ፤ ቃሉ የላቲን ሲሆን ችግኝ የሚፈላበት መደብ ማለት ነው። የሚገባው ልጅ ቢያንስ 12 ዓመት የሞላው፣ ማንበብና መጻፍ የሚችል ይሁን፤ በተለይም የድሆች ልጆች ይመረጡ፤ ወጪው ከቤተ ክርስቲያን ገቢ ላይ ተቆርጦ ይከፈል ተባለ። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ ጉባኤው «ካህናት ይማሩ» ብሎ አላበቃም፤ የተማሪውን እንጀራ ማን እንደሚከፍልም አብሮ ደነገገ።

ዛሬ የካቶሊክ ቅስና ዕጩ ፍልስፍናና ነገረ መለኮት ቢያንስ ስድስት ዓመት ይማራል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1992 ባወጡት መልእክት ሥልጠናው አራት ወገን እንዳለው ዘርዝረዋል፤ እነርሱም ሰብአዊ ጠባይ፣ መንፈሳዊ ሕይወት፣ ዕውቀትና የእረኝነት ሥራ ናቸው። ዕጩው በፈተና ውጤት ብቻ አይመዘንም፤ አለቆቹ ጠባዩን ለዓመታት ይመለከታሉ።

ይህ ነገር በአገራችንም ታሪክ አለው። በ1839 ወደ አድዋ የመጣው ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ በ1840ዎቹ በአዲግራት አጠገብ ጓላ ላይ የክህነት ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ የግእዙንም ሥርዓተ ቅዳሴ ጠበቀ። ቀኝ እጁ የሆኑት አባ ገብረ ሚካኤል በጎጃም መርጡለ ማርያም የተማሩ መነኩሴ ነበሩ። በ1844 ወደ ካቶሊክ እምነት ገቡ፣ በ1851 ቅስና ተቀበሉ፣ በ1855 በእስር ላይ ሳሉ አረፉ፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም በ1926 ብፁዕ ብላቸዋለች። በሃይማኖት ከእኛ ቢለዩም ወደዚያ ትምህርት ቤት ይዘውት የሄዱት ዕውቀት ከአብነት ቤት የቀሰሙት ነበር። በቫቲካንም የኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ማረፊያ የነበረው ቅዱስ እስጢፋኖስ አለ፤ አባ ተስፋ ጽዮን በሮም የግእዙን ሐዲስ ኪዳን በ1548 እና በ1549 ያሳተሙት በዚያ ሲኖሩ ነው። በ1919 ደግሞ ለክህነት ተማሪዎች የኢትዮጵያ ኮሌጅ በዚያው በቫቲካን ተከፈተ።

ሐ. የእኛ መንገድ

በእኛ ዘንድ ተማሪው ከመምህር ወደ መምህር፣ ከአገር ወደ አገር እየተጓዘ ይማራል። ልጁ ከፊደል ተነሥቶ መልእክተ ዮሐንስን፣ ወንጌልንና ዳዊትን ያነባል፤ ግብረ ዲቁና ተምሮም ዲያቆን ይሆናል። ከዚያ የሚገፋ ሰው ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ በመጨረሻም ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት ወደሚተረጐሙበት መጽሐፍ ቤት ይሻገራል። ለየትምህርቱ የታወቀ ቦታ አለው፤ ለድጓ ጋይንት ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ ይኬዳል። ወሎም ከዚህ በረከት አልጎደለባትም። ከታወቁት ሁለት የቅዳሴ ዜማ ስልቶች አንዱ ደብረ ዓባይ ሲሆን ሁለተኛው የወሎው ሰለልኩላ ነው። ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር የሚጠራው የዋድላ ቅኔም የላስታ ጎረቤት ነው።

ይህን ሁሉ ትምህርት ማን ከፈለው? ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ በደጋው ብርድ ደጃፍ ለደጃፍ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለውን ልጅ ሰምታ ቁራሽ ይዛ የምትወጣው እናት ናት። እርሷ ሳታውቀው የትምህርት ቤቱ ግምጃ ቤት ሆና ኖራለች። የትሬንት ጉባኤ በድንጋጌ ያዘዘውን እኛ በየደጃፉ ስንፈጽም ኖረናል ማለት ነው።

መ. በሚዛን ሲታይ

የእኛ መንገድ ትልቁ ሀብቱ ድሀ አለመለየቱ ነው፤ አባት የሌለው ልጅ ሊቅ ሊሆን ይችላል። የተማረውንም በቃሉ ይዞታልና መጽሐፉ ቢቃጠል ዕውቀቱ አይቃጠልም። ድካሙ ደግሞ ትምህርቱና ሹመቱ ሁልጊዜ አለመገናኘታቸው ነው። አንዱ ቅኔና ትርጓሜ ጨርሶ ክህነት ሳይቀበል ይኖራል፤ ሌላው ቅዳሴውን ብቻ አጥንቶ ቄስ ይሆንና ንስሐ ልጁ ለሚጠይቀው ጥያቄ መልስ ያጣል። በአዲስ አበባ ያሉት የቅድስት ሥላሴና የሰዋስወ ብርሃን ቅዱስ ጳውሎስ ትምህርት ቤቶች ነገረ መለኮትን በዘመናዊ መንገድ ያስተምራሉ፤ ነገር ግን ለገጠሩ አጥቢያ የሚደርሰው ዲያቆን አሁንም ከየኔታ እግር ሥር የሚነሣው ነው።

የካቶሊካውያኑ መንገድ ሹመትን ከትምህርትና ከጠባይ ምርመራ ጋር ማሰሩ ያስመሰግነዋል። በአንጻሩ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ለብዙ ዓመት በግቢ ውስጥ ያደገ ተማሪም የገበሬውን ኑሮ ሊረሳ ይችላል። የቆሎ ተማሪ ግን የሕዝቡን ረኀብና ጥጋብ በአኩፋዳው ያውቀዋል።

ሠ. ለእኛ ለወጣቶች

ዛሬ ልጆች ቀኑን በዘመናዊ ትምህርት ቤት ያሳልፋሉ። ይህ በጎ ነው፤ እኔም ዩኒቨርሲቲ የደረስሁት በዚሁ ነው። ነገር ግን ማታ ወደ የኔታ የሚሄደው ካነሰ፣ ደጃፉም ለቆሎ ተማሪ ከተዘጋ፣ አምስቱ ልዑካን አራት ይሆናሉ። በአራት ደግሞ አይቀደስም። ስለዚህ፤

1. እያንዳንዳችን ከቤታችን በየወሩ አንድ ቁና ገብስ ለአብነት ተማሪዎች እናዋጣ። በሙጃ ደጋ ገብስ ብርቅ አይደለም።

2. ከፍ ያለ ክፍል የደረስን ለአብነት ተማሪዎች ሒሳብና ቋንቋ እናስጠና፤ እነርሱም ግእዝ ያስጠኑን። ልጁ ከሁለቱ ትምህርቶች አንዱን እንዲመርጥ አይገደድ።

3. ከመካከላችን ለክህነት የሚታጭ ሲኖር የመምህሩ ምስክርነት እንዲቀርብ አባቶችን በትሕትና እንጠይቅ። ይህ መዳፈር አይደለም፤ ነገ ነፍሳችንን የምንሰጠው ለእርሱ ነውና።

የመወያያ ጥያቄዎች

- አልቫሬዝ የነቀፈው ነገር ዛሬ በአካባቢያችን አለ ወይስ የለም?
- ከካቶሊካውያን የሥልጠና ሥርዓት የእኛን ሳንለቅ ምን ልንማር እንችላለን?
- በአጥቢያችን ስንት የአብነት ተማሪ አለ? ትናንት ማታ ምን በላ?

የመጨረሻውን ጥያቄ ጉባኤ ላይ ከመመለሳችን በፊት ሄደን እንጠይቃቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።